በሙቀት ላይ የደረብኩት ካባ

ይድረስ ለወንድሜ ለጊቴ፤

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ቧንቧ ስታነሣ የተቀጨው ወገብህ ተሻለህ ወይስ ዛሬም ጎንበስ ስትል ይይዝሃል? የሊቢያ አሸዋ ዐይንህን አላስለቀሰህም? የምትበሉት ነገርስ ይስማማሃል? በላክልን ፎቶግራፍ ላይ ጉንጭህ ገብቶ አይታ እማማ «ለዚህ ልጅ ሩዝ አይሰጡትም እንዴ?» እያለች አንድ ሳምንት ሙሉ ስታንጎራጉር ከረመች። እሷ ደህና ናት፤ ጆሮዋ ቢብስባትም አፏ እንደ ድሮው ነው። እኔም ቆሜ እሄዳለሁ። ሰማይ ይመስገን፣ በቤቱ የታመመ የለም። ደህና ነን ብዬ ልጽፍልህ ግን ዛሬ እጄ አልታዘዝ አለኝ።

ይህን የምታነበው በጓደኞችህ ጫጫታ መሀል ከሆነ አጥፈህ ኪስህ ክተተውና ብቻህን ስትሆን አውጣው። ባለፈው ነሐሴ የጻፍኩልህ ደብዳቤ ውሸት ነበር። ሚስትህ ዮኖክ «የከብቱም የማሳውም ሥራ በዛብኝ ብላ ጥላን ወደ ወላጆቿ ሄደች» ብዬህ ነበር። ሥራ የሚበዛባት ሴት አይደለችም፤ ያስወጣኋት እኔ ነኝ። አንተም የእህትህን ቃል አምነህ ለእሷ የጻፍክላትን አይቼዋለሁ፤ ራሷ አሳየችኝ። «ወይ ተመልሰሽ እህቴን ይቅርታ ጠይቂ፣ ወይ ነገራችን አብቅቷል» ብለሃታል። እኔን ነው ይቅርታ የምትጠይቀው? ምላሴን በቆረጠው! እንግዲህ ከሥሩ ልንገርህ፤ አንተም ሳትጨርስ እንዳትቀደው።

ዘንድሮ እዚህ የነበረውን ሙቀት ብታይ አንተ ያለህበት በረሃ ተነሥቶ መንደራችን ገባ እንዴ ትል ነበር። የሩዙ ማሳ ውሃ እግር ያቃጥላል። ዶሮዎቹ አፋቸውን ከፍተው ከጥላ ጥላ ይዞራሉ። ጎረቤታችን የዱክሱ እናት «ዛሬስ ዶሮዬ የተቀቀለ እንቁላል ጣለችልኝ» እያለች ታስቀን ነበር። ታዲያ በሰኔ መጨረሻ የዮኖክ ጊደር ኮርማ ፈለገች። መቼም ጊደሯን አትረሳትም፤ በሠርጋችሁ ዓመት አባቷ የሰጧት፣ እሷም ገለባና ገብስ እየቀቀለች በእጇ ያሳደገቻት ናት። የኮርማ ዘር በቀጭን ቱቦ እያስገባ ላሞችን የሚያዳቅለውን አቶ ፒዮን ጠራነውና መጥቶ አዳቀላት። አልያዘችም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደግማ ጮኸች፤ ደግሞ አዳቀላት፤ አሁንም አልያዘችም።

እማማ ዕድሜ ልኳን የምትለውን አንተም ሰምተህ አድገሃል። ሆዷ የቀዘቀዘ ሴት ጽንስ አይቆይላትም፤ ቀዝቃዛ ድንጋይ ላይ አትቀመጡ፣ እግራችሁን ሸፍኑ፣ በረዶ አትላሱ። እኔ ደግሞ ሴትና ላም ምን ይለያቸዋል አልኩ። አቶ ፒዮ እጁን ታጥቦ ገና ከግቢው ሳይወጣ፣ በብርዱ ወራት ለከብቶቹ የምናለብሰውን የገለባ ካባ ከቆጥ አውርጄ ከጀርባዋ እስከ ሆዷ አሰርኩላት። ዮኖክ ለጋጣው የገዛችውን የኤሌክትሪክ ማራገቢያ አጠፋሁት። ማራገቢያ ሲነፋበት ያደረ ሰው ጠዋት እንደማይነሣ እዚህ አገር የማያውቅ ማን አለ? ላምስ ያው ነፍስ አይደለች? ነፋስ ሽው እንዳይልባት የጋጣውንም በር ዘጋሁ። ቀኑንም ማታውንም እንዲህ ጠቅልዬ አቆየኋት፤ ያውም ሁለቱንም ጊዜ።

ዮኖክ ዝም አላለችም። «እትዬ፣ ምላሷን አውጥታ እያለከለከች እኮ ነው! ኧረ ካባውን ላውልቅላት፤ ትንሽ ውሃ ላፍስባት» ብላ ለመነችኝ። «አንቺ ደግሞ ስንት ላም አዋልደሽ ነው?» ብዬ አፏን አስያዝኳት። የዱክሱ እናት በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ «አንቺ ጆምሱን፣ ጊደሯን ልትድሪያት ነው እንዴ እንዲህ የምታለብሻት?» ስትለኝ እንኳ ስቄ አለፍኩ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የተባለው ለእኔ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ መጣሁ። በሐምሌ መጀመሪያ ዮኖክ ወጥ ሲሸታት ፊቷን ስታዞር አየሁ። አልነገረችኝም፤ እኔ ግን ዐይን አለኝ። ጊቴ፣ ሚስትህ ያንተን ልጅ ይዛ ነበር። በግንቦት ለእረፍት መጥተህ የሄድክ ጊዜ የተፀነሰ ነው። ደስታዬን በምን ቃል ልንገርህ! ለእማማ በጆሮዋ ጮኼ ስነግራት መንደሩ እንዳይሰማ አፌን በመዳፏ ያዘችኝ። ያንኑ ዕለት ማገዶ ተሸክሜ ሄድኩና ከዮኖክ ክፍል ወለል ሥር፣ በብርዱ ወራት ቤቱን በምናሞቅበት ምድጃ፣ እሳት አነደድኩ። በዚያ ሙቀት፣ ወንድሜ! ሰው ሁሉ ከቤት ወጥቶ ዛፍ ሥር በሚጋደምበት ጊዜ። መስኮቷን ዘጋሁ፤ የቀዘቀዘ የኪያር ሾርባ ከለከልኳት፤ ሐብሐብም ከለከልኳት፤ ወለሉ ከሁሉ በላይ ከሚሞቅበት ጥግ ፍራሽ አንጥፌ አስተኛኋት። ላቧ ባንገቷ እየወረደ «እትዬ፣ በሩን ትንሽ ገርበብ ላድርገው?» ስትለኝ «ለራስሽ አትበዪ፣ ለልጁ ብለሽ ቻዪው» አልኳት። ቻለችው። ታላቅነቴን አክብራ ቻለችው። ብዙም ሳይቆይ ደም መጣ፤ ልጁም ቀረ።

እማማ ጥግ ይዛ አለቀሰች። እኔ ማልቀስ አቅቶኝ ተናደድኩ። በማን እንደምናደድ አላውቅም ነበር፤ አጠገቤ ያገኘሁት ዮኖክን ስለሆነ በእሷ ላይ አዞርኩት። ተደብቃ የጉድጓድ ውሃ ጠጥታ ይሆናል፣ እኔ ዘወር ስል መስኮት ከፍታ ይሆናል እያልኩ ክፉ ክፉውን አሰብኩ። አንድ ቀን እንኳ «አይዞሽ» አላልኳትም። ሾርባ ሠርቼ አስቀምጥላትና ፊቷን ሳላይ እወጣለሁ።

በነሐሴ መጀመሪያ ላይ ለአያቷ ሙት ዓመት ወደ ወላጆቿ አገር ወደ ኡልጂን ሄደች። እሷ በሌለችበት ጊደሯ ኮርማ ፈልጋ ለሦስተኛ ጊዜ ጮኸች። እኔም ነጋዴ ጠርቼ ለሥጋ ሸጥኳት። የእኔ ያልሆነችውን ጊደር! ዮኖክ ተመልሳ ጋጣው ባዶ ሆኖ ስታገኘው «እትዬ፣ ጊደሯስ?» አለችኝ። የዱክሱ እናት በርበሬ ልታሰጣ መጥታ አብራን ተቀምጣ ነበር። እኔም «ያቺን መሲና ሸጥኳት። ላሟም መሲና፣ ባለቤቷም መሲና፤ ሁለት መሲና በአንድ ግቢ ምን ይሠራል?» አልኳት።

አምልጦኝ ነው ብዬ አልዋሽህም። እንደሚያማት አውቄ ነው ያልኩት። ቃሉን ከየት እንዳመጣሁት ደግሞ አንተ ታውቃለህ። ባሌ ቤት ልጅ ሳልወልድ ቆይቼ ወደ አባታችን ቤት ስመለስ አማቴ በር ላይ ቆማ የሸኘችኝ በእሱ ነው። አንተ ያኔ ትንሽ ነበርክ፤ እኔን ስታይ ሮጠህ ቀሚሴ ውስጥ ገባህ። እንደዚያ የተቃጠልኩበትን ቃል ይዤ ኖሬ ኖሬ ለወንድሜ ሚስት ሰጠኋት። የዱክሱ እናት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ዮኖክ ተነሥታ ወደ ጋጣው ሄደች። የከብቱ መኖ የሚቀቀልበትን ብረት ድስት አጥባ ገለበጠችው፤ በማግስቱ ጠዋት ልብሷን ጠቅልላ ሄደች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ እኔም አፍሬ ልመልሳት አልተከተልኳትም። ይልቅስ ተቀምጬ ያንን ውሸት ጻፍኩልህ።

እሷ ከሄደች በኋላ ጉዱ ተሰማ። ለካ በዚህ ሙቀት የእኛ ብቻ ሳትሆን የመንደሩ ላም ሁሉ አልያዝ ብሏል። ሰው ጥፋቱን በአቶ ፒዮ ላይ ጣለው። አንዱ ዘሩ የቆየ ነው ይላል፤ አንዱ እጁ ከብዷል ይላል። እሱም «ኮርማ ብሆን ኖሮ ከናንተ ማን ደፍሮ ይህን ይለኝ ነበር!» እያለ በሞተር ብስክሌቱ ይሸሻል። ነገሩ ሲከር ከከብት ሕክምናው አንድ ወጣት ዶክተር መጣ። ዶክተር ቼ ይባላል፤ አፍንጫው በፀሐይ ተልጦ ቀልቷል። ከትልቁ ዛፍ ሥር ሰብስቦን ጥፋቱ የአቶ ፒዮ ሳይሆን የሙቀቱ መሆኑን ነገረን።

እንደገባኝ ልጻፍልህ። ዘሩና እንቁላሉ ሲገናኙ መጀመሪያ አንድ የነበረው ሁለት ይሆናል፤ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት እያለ ይሄዳል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ያ ጽንስ በዐይን አይታይም፤ የሚኖረውም እናቱ በእንቁላሉ ውስጥ ቋጥራ በሰጠችው ስንቅ ነው። ሙቀት ሲመጣበት የሚከላከልበትን ነገር ለራሱ መሥራት ገና አይችልም። የእናትየው ገላ ከልኩ አንድ ሁለት ዲግሪ ከፍ ካለ ያኔውኑ ይሞታል፤ ወይም ተጎድቶ ጥቂት ቀን ይጎተትና ይቀራል። እንቁላሉ ራሱ ገና ሳይወጣ በፊት ባሉት ሳምንታትም ሙቀት ይጎዳዋል አለ። ሳምንት ያለፈው ጽንስ ግን ጠንከር ይላል፤ ያንኑ ሙቀት በተሻለ ይችለዋል። ስለዚህ ሳምንት የሞላውን ጽንስ ከሌላ ቦታ አምጥተው በላሞቻችን ማሕፀን ሊያስቀምጡ ነው። የዱክሱ አባት ይህን ሲሰማ «ላም በሆዷ የማደጎ ልጅ ልትይዝ! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም» ብሎ ሰውን ሁሉ አሳቀ።

እኔ አልሳቅኩም። እጄን አነሣሁና «ዶክተር፣ ከተዳቀለች በኋላ ሆዷ እንዳይበርዳት አንድ ነገር ቢደረብላትስ?» ብዬ ጠየቅኩት። ልጁ የምቀልድ መስሎት ሳቀ። «በዚህ ሙቀት? ማን እብድ ነው እናቴ? ላም ቀን የጠጣችውን ሙቀት የምታስወጣው ፀሐይ ስትገባ፣ ነፋስ ሲያገኛት ነው። ያን ጊዜ ካባ ያለበሳት ሰው ጽንሱን በገዛ እጁ ቀቀለው ማለት ነው» አለ። ሰው ሁሉ አጨበጨበለት። የዱክሱ እናት ከፊት ተቀምጣ ነበር፤ ዞራ አየችኝ። ያቺ ምላሷ የማያርፍ ሴት አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ዝምታዋ ከስድብ ባሰብኝ፤ ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

ሰው ሲበተን ዶክተሩን ተከትዬው ሄድኩ። «ሰውስ?» አልኩት። «ሰውስ ምን?» አለኝ። የእሳቱን፣ የተዘጋውን መስኮት፣ የሞቀውን ወለል ነገርኩት። ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። «እኔ የላም ሐኪም ነኝ፤ ለሰው የሰው ሐኪም ነው የሚጠየቀው። በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚቀር ጽንስ ብዙውን ጊዜ ማንም ምንም ሳያደርገው እንደሚቀር ሰምቻለሁ። የእርስዎን ግን አዎም አይደለምም ልልዎት አልችልም» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ያችን መልስ ይዤ እነጋለሁ፣ ይዤ እመሻለሁ። አዎ ቢለኝ አልቅሼ በወጣልኝ፤ አይደለም ቢለኝም በቀለለኝ ነበር። አሁን ሁለቱንም አጥቻለሁ። አንድ የማውቀው ነገር ቢኖር ጥፋቱ የዮኖክ አለመሆኑን ነው። ለእማማ ስነግራት «እኔ እናንተን ሁሉ የወለድኩት በእሳት ዳር ነው!» ብላ ተቆጣችኝ። «በብርዱ ወራት ነዋ፣ እማማ!» ብዬ ጮኽኩባት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ «ልጅቷ በሩን ክፈቱልኝ ስትል ሰምቼ ነበር» አለች። የማትሰማው ጆሮዋ ያንን ሰምቶ ኖሯል።

የመከሩ በዓል ቹሶክ እንዳለፈ የሩዝ ኬኩን በጨርቅ ቋጥሬ በአውቶቡስ ኡልጂን ሄድኩ። ዮኖክና እናቷ ባሕሩ ዳር ስኩዊድ ዓሣ ቀድደው ለማድረቅ ገመድ ላይ ይሰቅላሉ። እናቷ ቀና ብላ አይታኝ ቢላዋዋን ሳታስቀምጥ «በአንድ ግቢ ሁለት መሲና ይበዛል ብለሽ አልነበር? ሦስተኛ ፍለጋ ነው የመጣሽው?» አለችኝ። የሚገባኝን ነው ያገኘሁት። ጠጠሩ ላይ ተንበርክኬ ካባውን፣ እሳቱን፣ ዶክተሩ ያለውን ሁሉ ነገርኳቸው። ዮኖክ መጀመሪያ ክንዴን ይዛ አነሣችኝና ከዚያ ነው ያለቀሰችው። ከስታለች ጊቴ፤ እጇ በጨው ተሰነጣጥቋል። «እኔ እኮ በምን እንዳጠፋሁ ነበር የማስበው። አንድ ቀን ጎንበስ ብዬ ሰርዶ ነቅዬ ነበር፤ በእሱ ይሆን እላለሁ። አንድ ቀን አልቅሼ ነበር፤ በእሱ ይሆን እላለሁ» አለችኝ። እኔ መሲና ብዬ በወረወርኩባት ጊዜ እሷ ራሷን ስትከስ ነበር የከረመችው።

ያንተን ደብዳቤ ያሳየችኝ ያኔ ነው። ብዙ ከመንካቷ የተነሣ እጥፋቱ ላይ ሊበጠስ ደርሷል። «እትዬ፣ ይቅርታዎን ሰምቻለሁ። ግን በእርስዎ መንበርከክ አልመለስም። እሱ ነገሩን ከእርስዎ እጅ ጽሕፈት ያንብበው። እኔ ብነግረው ከእህቴ ልታጣላኝ ነው ይላል» አለች። ልክ ናት። አንተን በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩህ እኔ ስለሆንኩ ቃሌን እንደ እናት ቃል ትወስደዋለህ፤ እኔም ያንን አውቄ ተጠቀምኩበት። እንግዲህ ይኸው ጻፍኩት፤ አንዱንም አላለሰለስኩትም።

የምለምንህ ይህን ነው። ለእኔ መልስ ከመጻፍህ በፊት ለእሷ ጻፍላት። እኔን የምትሰድብበት ጊዜ አይጠፋም፤ እስከፈለግክ ድረስ ስደበኝ፤ ወደዚህ ቤት ደግሞ አልጽፍም ብትልም እችለዋለሁ። «አብቅቷል» ያልከውን ቃል ግን ሳይውል ሳያድር አንሣላት። ጊደሯን መመለስ አልችልም፤ ያለችኝን ጥጃ በስሟ አድርጌላታለሁ፤ ብትመለስም ባትመለስም የእሷ ናት። የጋጣውን በር ነቅዬ ጥዬዋለሁ፤ ማራገቢያው ይዞራል። ዶክተር ቼ በሚቀጥለው ሳምንት ትልቋን ላም ሊያይ ይመጣል። አቶ ፒዮም መንደሩ ይቅርታ ጠይቆት እንደ ልማዱ በሞተሩ እያፏጨ ይዞራል።

እማማ «ልጄን ሰላም በዪልኝ፤ ወገቡን በጨርቅ ይሰር፣ በልቶ ይተኛ» ብላሃለች። እሷም ለዮኖክ የምትለው አላት፤ ግን በአካል ካልሆነ አልልም ብላ ሰውራዋለች። የዱክሱ እናት ሰላም ትልሃለች፤ ዱክሱ ከውትድርና ሊመለስ ነው። የዱክሱ አባትም ሰላም ብሎሃል። የዮኖክ እናት ለአንተ ምንም አላለችም፤ እኔም አልጠየቅኳትም።

ከሚስትህ የምነግርህ ሰላምታ ግን አንድ አለ፤ ያውም የቆየ ነው። ከዚህ ቤት በወጣችበት ጠዋት፣ ያን ሁሉ ብያት፣ ከበር ላይ ተመልሳ አደራ ሰጥታኝ ነበር። «ልጅ ነበረን ይበሉት። በባዕድ አገር ብቻውን ነውና እንዳይደነግጥ ቀስ ብለው ይጻፉለት» አለችኝ። እኔ «አንድ ቃል እንኳ ሳትተውልህ ሄደች» ብዬ ጻፍኩልህ።

እህትህ ጆምሱን
ሶክጎል መንደር፣ ዬቾን
መስከረም 25 ቀን 1994 እ.ኤ.አ.